የማደሪያው ባለቤት
(ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት ስላለብን ግዴታ)



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ክርስቲያን አይገኝም። ወንበዴዎች ገፍፈውና ደብድበው በሕይወትና በሞት መካከል ጥለውት የሄዱትን ሰው ካህኑ አይቶ አለፈው፤ ሌዋዊውም እንዲሁ አለፈው፤ ሳምራዊው ግን አዘነለት፣ ቁስሉን አሰረለት፣ በገዛ እንስሳው ላይ ጫነው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ምሳሌው ግን ይቀጥላል። ሳምራዊው ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሌሊቱን አስታመመው፤ በማግሥቱም መንገዱን መቀጠል ነበረበትና ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ የጎደለውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቶ፣ ሕመምተኛውን በአደራ አስረከበው።

እስቲ ይህን ማደሪያ ለጥቂት ጊዜ ከምሳሌው ውስጥ እናውጣው። ሳምራዊው ያው ርኅሩኅ ሰው ነው፤ ዘይቱና ወይኑም አልጎደለበትም፤ ነገር ግን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው ምድረ በዳ አንድም ማደሪያ የለም እንበል። ያን ጊዜ ቁስለኛው በሳምራዊው እንስሳ ጀርባ ላይ እንደተጫነ፣ እያዘነለት፣ ነፍሱ ባለፈች ነበር። እንግዲህ ያን ሰው ሁለት ነገሮች አዳኑት። አንደኛው በዚያች ሰዓት የተቀሰቀሰው ርኅራኄ ነው። ሁለተኛው ከዚያች ሰዓት አስቀድሞ፣ ማን እንደሚመጣበት ሳይታወቅ፣ በመንገድ ዳር ተሠርቶ የቆየው ቤት ነው።

ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ዓለም በኮሮና ወረርሽኝ በተጨነቀችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2020 በአሲዚ በፈረሙት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ይህንኑ አስተውለዋል፤ ደጉ ሳምራዊ እንኳ ብቻውን ሊያደርገው ያልቻለውን የሚፈጽምለት ማደሪያ በአቅራቢያው እንዳስፈለገው አመልክተዋል። ከጥንት ሊቃውንትም ኦሪጀን ማደሪያውን በቤተ ክርስቲያን መስሎ ተርጉሞታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚህ የሚወጣ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ሕመምተኛን መርዳት የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወረርሽኝ በሌለበት በደኅናው ቀን ጤና ኬላውንና ጤና ጣቢያውን ማጠንከር፣ ባለሙያውን ማሠልጠንና ደመወዙን መክፈል፣ ውሃውንና መድኃኒቱን ማሟላት ግዴታ ነውን? ገና ያልታመመ፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደ ሰው በእኛ ላይ መብት አለውን? ወይስ ይህ ሲተርፈን ብቻ የምናደርገው ትሩፋት ነው? የእኛ መልስ ግዴታ ነው፣ ያውም ከምጽዋት ብቻ ሳይሆን ከፍትሕ የሚመደብ ግዴታ ነው የሚል ነው። ምክንያቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

ቁልቁለቱና ዳገቱ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ደባርቅን ሲያልፍ ደጋው በድንገት ያበቃበታል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል፤ በዛሪማም አድርጎ ወደ አዳርቃይ ይዘልቃል። ይህን መንገድ ያየ ሰው የኢያሪኮውን ቁልቁለት በዓይነ ሕሊናው ለመሣል አይቸገርም።

በሽታውም እንደ መንገዱ ሁለት ገጽ አለው። በላይኛው ብርዳማ ምድር የሳንባ ምችና በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ይታወቃሉ፤ በታችኛው ሞቃታማ ምድር ደግሞ ወባ አለ። ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርደው የደጋ ወጣት ካላዛርን ይዞ ሊመለስ ይችላል። መንገዱ ደጋውንና ቆላውን፣ ገበያውንና ቤተሰቡን ያገናኛል፤ ሰውን የሚያገናኝ ሁሉ በሽታንም ያገናኛል።

አሁን በድብ ባሕር አካባቢ ምጥ የጸናባትን ሴት ወይም ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን እናስብ። በቅርቡ ያለው ጤና ተቋም ካልቻለ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ለመድረስ ያንኑ ሊማሊሞን ሽቅብ መውጣት ግድ ነው፤ ከደባርቅም በላይ ከሆነ እስከ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ ጊዜ የሀገራችን ሰው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ጎረቤት ይጠራራል፤ ቃሬዛ ይዘጋጃል፤ ወጣቶች እየተቀባበሉ ይሸከማሉ፤ ያለው ገንዘብ ያዋጣል፤ የሌለው ይጸልያል። ሳምራዊው በሕዝባችን መካከል ዛሬም አለ። ጥያቄው ቃሬዛው በሚደርስበት ሥፍራ በሩ ክፍት ነውን? ባለሙያው አለን? መብራቱ በርቷልን? መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ይገኛልን? የሚል ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደዚህ ምድር በዘለቀ ጊዜ፣ የኮሮናው ወረርሽኝም ገና ሳያልፍ፣ ብዙ ሕዝብ ከአዳርቃይና ከአካባቢው ተፈናቅሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሸሸ። በዚያ ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ ሆስፒታሎች፣ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፤ ፈርሰዋልም። ይህን የምናስታውሰው ወገን ለይተን ለመክሰስ ሳይሆን አንድ የግብረ ገብ እውነት ለማስጨበጥ ነው። ማደሪያውን የሚያፈርስ ሰው ዛሬ በውስጡ የተኛውን ቁስለኛ ብቻ አይጎዳም፤ በሚመጣው ዓመት፣ በሚመጣውም ትውልድ በዚያ ደጅ የሚያልፈውን ሁሉ ይጎዳል። በተቃራኒውም ማደሪያውን የሚሠራ ሰው ስማቸውን የማያውቃቸውን ብዙዎች ያድናል።

ደምቢያ ያስተማረችን

ለዚህ ከጎንደር የራሷ ታሪክ የተሻለ ምስክር የለንም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። በተከታዩ ዓመት፣ ማለትም በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ሥራው በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር የተቋቋመ ነበር።

ኮሌጁ የመረጠው መንገድ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚያን ዘመን ሐኪም በጣም ጥቂት ነበር፤ ለየገጠሩ ሐኪም ማዳረስ የማይታሰብ ነገር ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ጠባቂዎችን፣ ማለት ሳኒታሪያኖችን፣ አንድ ላይ አሠልጥኖ በአንድነት እንዲሠሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። አንዱ ያክማል፤ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትከታተላለች፤ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ያያል። ተማሪዎቹም ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት በቡድን ወደ ገጠር ወጥተው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ይሠሩ ነበር፤ ይህ የቡድን ሥልጠና የኮሌጁ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ታሪኩን አሳምረን ብቻ ልንናገር አይገባንም። ኮሌጁ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የወባ ወረርሽኝ የሀገሪቱን ሰፊ ክፍል መታ፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። አንድ ኮሌጅ በአራት ዓመት ሀገርን ሊታደግ አልቻለም። ታዲያ የኮሌጁ መከፈት ከንቱ ነበርን? አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕሲግ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ፋኩልቲ ተጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በመጣ ጊዜ ሕሙማን የሚሄዱበት ሆስፒታል፣ ሐኪሞቹና ነርሶቹም በጎንደር ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ያስተማረ መምህር ስለ ኮሮና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የሠራው ግን ለዚያም ቀን ነበር።

ሁለት ወረርሽኞች

ሀገራችን በአንድ መቶ ዓመት ልዩነት ዓለምን ያዳረሱ ሁለት ታላላቅ ወረርሽኞችን አይታለች። የመጀመሪያው በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አስታማሚው ከታማሚው ጋር ወደቀ፤ ቀባሪም ጠፋ። ሕዝቡ ያን መዓት አልረሳውም፤ ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ አካባቢውን እያጸዳ፣ ቆሻሻውን እያቃጠለና እያጠነ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ጽዳት የ365 ቀኑን ሥራ አይተካም።

ሁለተኛው ወረርሽኝ ኮሮና ነው፤ በሀገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ሀገሪቱ እንደ 1911 ዓ.ም. ባዶ እጇን አልነበረችም። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱና ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ሲመደቡ ቆይተዋል፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 አልፏል። እነዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን በር ያውቃሉ፤ ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ እንዳልተከተበ፣ ማን እንደሚያስለው ያውቃሉ። በሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር 67 ደርሷል። ለዚህ ለውጥ ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ የእነዚህ እኅቶቻችን ድካም ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

በኮሮናው ወራት፣ ብዙ ሀገሮች መደበኛ ክትባታቸውን ባቋረጡበት ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ በኢትዮጵያ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ተሰጣቸው። ይህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታስቦ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ለዓመታት መንገዱ የተጠረገ፣ ሰውም የተዘጋጀ ስለነበረ የተቻለ ነው። በምርመራ የተረጋገጠው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን ከ500,000 በላይ፣ ሟቹም ከ7,500 በላይ ነው፤ ሳይመረመር የታመመውና የሞተው ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ አልተጎዳንም ልንል አንችልም። ነገር ግን ያተረፈን ነገር ካለ፣ አስቀድሞ የተሠራው ነው።

ከሀገራችን ውጭም ይኸው እውነት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 በምዕራብ አፍሪካ በተነሣው የኢቦላ ወረርሽኝ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ28,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ11,000 በላይ ሞተዋል። ያው በሽታ በ2014 በአውሮፕላን ወደ ናይጄሪያ ገብቶ ነበር፤ ሌጎስን በመሰለች እጅግ ሰፊ ከተማ ታይቶ ሳለ ግን 20 ሰዎችን ብቻ ይዞ፣ 8 ገድሎ ተገታ። ናይጄሪያውያን የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት ቀደም ሲል ያቋቋሙትን ማዕከልና ያሠለጠኗቸውን ሰዎች ወዲያው ወደዚህ ሥራ አዙረው፣ ከሕመምተኛው ጋር የተገናኘውን ሁሉ እየፈለጉ ስለተከታተሉ ነው። በሌላ በኩል በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር ማኅበር ወንድሞች በሚመሩት በቅዱስ ዮሴፍ የካቶሊክ ሆስፒታል፣ ገዳማውያንና የጤና ባለሙያዎች ሕሙማንን ሲረዱ በበሽታው ተይዘው ሞቱ፤ ሆስፒታሉም በነሐሴ 2014 ለጊዜው ተዘጋ። እነዚህ ሰዎች ፍቅር አልጎደላቸውም፤ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። የሚያሳዝነው ነገር ዓለም ለፍቅራቸው የሚገባውን ጋሻ በወቅቱ አለማድረሱ ነው። የሰማዕትነትን ክብር እናከብራለን፤ ነገር ግን በጓንት እጦት የሚመጣን ሞት ለሌላ ሰው ልንመርጥለት ሥልጣን የለንም።

ለምን ከፍትሕ እንመድበዋለን?

ምጽዋት ከራስ ላይ ቀንሶ መስጠት ነው፤ ፍትሕ ደግሞ የሌላውን ገንዘብ ለባለቤቱ መመለስ ነው። ጤናን አስቀድሞ መጠበቅ ከሁለተኛው ወገን መሆኑን በሁለት ምክንያት እናሳያለን።

አንደኛው ዕዳ ያለብን መሆኑ ነው። ፈንጣጣ የሀገራችንን ልጆች ሲፈጅ፣ ሲያሳውር፣ ፊታቸውንም ሲያበላሽ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረው ዘመቻ ከተራራ ወደ ቆላ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ በ1976 የመጨረሻውን ሕመምተኛ በባሌ አገኘ። ከዚያ ወዲህ በተወለደ ኢትዮጵያዊ ፊት ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አይታይም። ይህን ስጦታ የሰጡን ሰዎች እኛን አያውቁንም ነበር፤ አብዛኞቻችንም ያን ጊዜ አልተወለድንም ነበር። እኛ ሳንወለድ ድርሻችን ከተጠበቀልን፣ ገና ላልተወለደውም ድርሻውን መጠበቅ ከእኛ ይጠበቃል። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ቢያጠፋ ንፉግ አይባልም፤ በደለኛ ይባላል እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሰው ክብር የሚመጣ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት «ሰላም በምድር» በተባለው መልእክት የሕክምና እርዳታ ማግኘትን ሰው በሰውነቱ ካሉት መብቶች መካከል ቆጥረውታል። መብት ካለ ግዴታ ያለበት ወገን አለ። ይህም መብት በታመመበት ቀን የሚጀምር ሊሆን አይችልም፤ በታመመበት ቀን ነርስ ማሠልጠን፣ ምንጭ ማጎልበት፣ መንገድ መጥረግ አይቻልምና። እንግዲህ መብቱ እውነተኛ ከሆነ ግዴታው ከሕመሙ ይቀድማል።

ሦስት ተቃውሞዎች

ሀ. «እግዚአብሔር ያውቃል፤ በእርሱ መታመን ይበቃናል» የሚሉ አሉ። በእግዚአብሔር መታመን የሁሉ መሠረት ነው። ነገር ግን የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ በግብፅ ስለሚመጣው ረኀብ ከእግዚአብሔር በተገለጠለት ጊዜ፣ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እምነቱ ጎተራ አሠራው። ሲራክም በመጽሐፉ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ ያስተምረናል። ጸሎትና ጸበል ከመድኃኒት ጋር ጠብ የላቸውም፤ ሁሉም ከአንድ እጅ የተሰጡ ናቸውና።

ለ. «እኛ ድሆች ነን፤ የዛሬው ልጅ በተራበበት ሀገር ለነገው ወረርሽኝ ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞም አለ። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ በቸልታም ሊታለፍ አይገባውም። ነገር ግን ለወረርሽኝ የሚያስፈልገው ነገር በአብዛኛው ለዘወትር የሚያስፈልገው ነው። ለኮሮና ሕመምተኛ የሚሰጠው ኦክሲጅን የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃንና በወሊድ የተጎዳችውን እናት ያድናል። ለኮሌራ የሚጠቅመው ንጹሕ ውሃ የዘወትሩን ተቅማጥ ይከላከላል። ማኅበረሰቡ የሚያምናት የጤና ሠራተኛ ለክትባትም፣ ለወሊድም፣ ለወረርሽኝም አንድ ናት።

ዋጋውም ሁልጊዜ ከፍተኛ አይደለም። በጉራጌ ምድር በሚገኘው በአጣጥ የካቶሊክ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃ ቀናቸው እስኪደርስ የሚቆዩበት ማደሪያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በተደረገ ጥናት፣ በዚህ ማደሪያ ቆይተው ከወለዱ እናቶች መካከል የሞቱት ከ100,000 ወሊድ 90 ያህል ሲሆኑ፣ በማደሪያው ሳይቆዩ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ያህል ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ከሁለተኛዎቹ ብዙዎቹ የሚመጡት ምጡ ከጸናባቸው በኋላ ስለሆነ ሁለቱን በእኩል ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ነገር ግን ማደሪያው የሚያስቀረው ይህንኑ መዘግየት ነው። ወንጌሉ የሚናገርለት ማደሪያ ማለት በቃል ሳይሆን በተግባር እንዲህ ያለ ነው።

ሐ. «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። አዎን፣ የመንግሥትም ሥራ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 በአቡጃ ተሰብስበው ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 ከመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ይህን ቃል አልፈጸሙም፤ ሕዝብም ሊጠይቃቸው መብት አለው። ሆኖም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳስተማሩት፣ ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ትልቁ ሊቀማው አይገባም፤ ትንሹ ያቃተውን ደግሞ ትልቁ ሊደግፈው ይገባል። እኛ ደግሞ በትንሹ ማኅበር ረገድ ድሆች አይደለንም። ዕድራችንን እንመልከት። ለሞት ቀን በየወሩ እናዋጣለን፤ ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ግን አናውቅም። ለሞት እንዲህ አስቀድመን ከተዘጋጀን፣ ለሕመምስ መዘጋጀት እንዴት ያቅተናል? እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ የተጀመረውና በጎረቤታችን በፎገራ ወረዳ ጭምር የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በዚሁ በዕድር ጥበብ ላይ የቆመ ነው፤ ጤነኛው ለታመመው፣ ዛሬ ለነገ ያዋጣል።

ሁለቱ ዲናርና የመመለስ ተስፋ

ሳምራዊው መንገደኛ ነበር፤ ገንዘቡም ከውጭ የመጣ ነው። ስለ ባለጸጎች ሀገሮችም ከዚህ የምንማረው አለ። የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ያህል የኮሮና ክትባት ኮቫክስ በተባለው የጋራ አሠራር በኩል አዲስ አበባ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ በሀብታሞቹ ሀገሮች ብዙዎች ሦስተኛውን ክትባት ሲወስዱ፣ ከአፍሪካ ሕዝብ ክትባቱን ያሟላው ከመቶ 10 እንኳ አልሞላም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በ2020 የልደት በዓል መልእክታቸው ክትባቱ ለሁሉም፣ ይልቁንም ለደካሞች እንዲደርስ ለምነው ነበር። ይህ ልመና የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጽናት ነው። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ሰጥቶ ብቻ አልሄደም፤ እመለሳለሁ ብሏል። ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ግን ብዙ ጊዜ መመለሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታ መሥሪያ ቤቱን በዘጋ ጊዜ፣ በሀገራችን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። እርዳታን በምስጋና እንቀበላለን፤ ነገር ግን መንገደኛው ቢዘገይ እንኳ ሕመምተኛውን ከደጅ የማያወጣ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ የማደሪያ ባለቤት መኖር አለበት። ያ ባለቤት ማነው ብለን ብንጠይቅ፣ እኛ ራሳችን ነን።

ከቁምስናዎቻችን ምን ይጠበቃል?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየመንደሩ የሚታመኑ ሰዎች ናቸው። ወረርሽኝ ሲመጣ አሉባልታው ከበሽታው ይፈጥናል፤ በዚያን ጊዜ ሕዝቡ የሚሰማው ቀድሞ ያመነውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በደኅናው ቀን ከቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ተዋወቁ፤ በትምህርታችሁ ሰዓት እንድትናገር ጋብዟት፤ ያልተረጋገጠውን ወሬ ከማስተላለፍ ራሳችሁን ጠብቁ፤ ይህ ስምንተኛው ትእዛዝ ከሚያዝዘን እውነት የሚቆጠር ነው።

የቁምስና ምክር ቤቶች ደግሞ የጤና መድኅን መዋጮ መክፈል ያልቻሉትን መበለቶችና አረጋውያን ለይተው ቢያውቁ፣ ዕድሮችም ለቀብር ከሚያጠራቅሙት ጥቂቱን ለዚህ ቢያውሉ፣ የሞተውን ከመቅበር አስቀድሞ በሕይወት ያለውን ማዳን ይሆናል። ሁላችንም ደግሞ በሌሊት የሚጠራውን ነርስ፣ ተራራ ለተራራ በእግሯ የምትዞረውን የጤና ሠራተኛ እናክብር፤ ደመወዟ ሲዘገይ፣ መሥሪያዋ ሲጎድል ስለ እርሷ እንናገር። ማደሪያው ያለ ጠባቂ ግድግዳ ብቻ ነው።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን ታምሞ እንደጠየቅነው ወይም እንዳልጠየቅነው እንደሚነግረን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተጽፏል። ወደ ማደሪያችን የሚመጣበትን ሰዓት አናውቅም፤ ምናልባት ሊማሊሞን በቃሬዛ ሲወጣ ይሆናል። በመጣ ጊዜ በሩን ክፍት፣ መብራቱን የበራ፣ ጠባቂውንም የነቃ ሆኖ እንዲያገኘው ከዛሬ ጀምሮ እንሥራ። ለዚህም የሕሙማን ፈውስ የሆነችው እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ታማልደን። አሜን።